ለአንድ «ፖ» አምስት ፔሶ፦ በአንድ የፊሊፒንስ ክፍል ውስጥ የእንግሊዝኛና የፊሊፒኖ ጉዳይ

ይህን ጉዳይ ለምን እንደጻፍኩት

ፊሊፒንስ ውስጥ፣ ከማኪሊንግ ተራራ ሥር በምትገኘው በሎስ ባኞስ ከተማ አንድ ዓመት ተኩል ኖሬያለሁ። ባለቤቴ እዚያ ባለው ዩኒቨርሲቲ የግብርና ትምህርቱን ይከታተል ነበር፤ እኔ ግን ቤት መዋል ሰልችቶኝ ነበር። አዲስ አበባ ለዓመታት እንግሊዝኛ ማስተማሬን የሰማች አንዲት መምህርት፣ በምትሠራበት አነስተኛ የግል ትምህርት ቤት በሳምንት ሦስት ቀን በንባብ ክፍለ ጊዜ እንዳግዛት ጠየቀችኝ። ያለ ደመወዝ ተስማማሁ። እዚህ የምመዘግበው ከጁን 2018 እስከ ማርች 2019 በአንድ የ9ኛ ክፍል ውስጥ የሆነውን ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የማንንም ስም አልጠራም፤ ልጆቹን ሊያስለዩ የሚችሉ ዝርዝሮችንም ለውጫለሁ።

ውጭ አገር ልጅ የሚያሳድጉ ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «በአማርኛ ሳወራው በእነሱ ቋንቋ ይመልስልኛል፤ ቋንቋችንን ጠልቶት ይሆን?» ይሉኛል። እኔም ድሮ ታዳጊ ልጅ አንዱን ቋንቋ ይወዳል፣ ሌላውን ይጠላል ብዬ አስብ ነበር። ያ ክፍል ግን ነገሩ ሌላ መሆኑን አሳየኝ። ልጆቹ የሚፈሩት ሰው ሲሰማቸው ነበር እንጂ ቋንቋውን አልነበረም።

ዳራ

ፊሊፒንስ ውስጥ ከ130 በላይ ቋንቋዎች ይነገራሉ። ስፔን ከ300 ዓመት በላይ ገዝታታለች፤ በ1898 ደግሞ በአሜሪካ እጅ ገባች። በ1901 «ቶማስ» የተባለች መርከብ 500 ያህል አሜሪካውያን አስተማሪዎችን ጭና ማኒላ ደረሰች፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ተማረ ማለት እንግሊዝኛ ቻለ ማለት ሆኖ ቆየ። በ1937 ፕሬዚዳንት ማኑኤል ኬሶን ታጋሎግ የብሔራዊ ቋንቋው መሠረት እንዲሆን አወጁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ፊሊፒኖን ብሔራዊ ቋንቋ አድርጎ፣ በመንግሥት ሥራና በትምህርት ፊሊፒኖና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን እንዲሠሩ ይደነግጋል። በትምህርት ቤት ደግሞ ከ1974 ጀምሮ ሒሳብና ሳይንስ በእንግሊዝኛ፣ የኅብረተሰብ ትምህርት በፊሊፒኖ እንዲሰጥ ተወስኗል።

ስለዚህ አንድ ልጅ በእንግሊዝኛ ይደምራል፣ ታሪኩን በፊሊፒኖ ይማራል፣ ደወል ተደውሎ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ የተጠበሰ ሙዝ ሲገዛ ደግሞ ዋጋውን ከስፓንኛ በተወረሰው ቁጥር «ቤንቴ» ብሎ ይጠራል። ሃያ ማለቱ ነው። የቋንቋው ስምም ራሱ ታሪክ አለው። በጥንቱ ታጋሎግ የ«ፍ» ድምፅ ስለሌለ ብዙ ሰው «ፍ»ን «ፕ» ያደርገዋል። ከ1959 ጀምሮ ቋንቋው «ፒሊፒኖ» ይባል ነበር፤ ኋላ ሕገ መንግሥቱ «ፊሊፒኖ» አለው። የብሔራዊ ቋንቋቸውን ስም በተደነገገው ድምፅ መጥራት የሚቸግራቸው ሽማግሌዎች አሉ። «ፖሊስ»ን «ቦሊስ» ሲባል እየሰማሁ ላደግሁት ለእኔ ይህ እንግዳ አልነበረም።

በክፍሉ 38 ተማሪዎች ነበሩ፤ ዕድሜያቸው 14 እና 15 ነው። አብዛኞቹ ቤታቸው ታጋሎግ ይናገራሉ፤ እርስ በርሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ የሚያወሩት «ታግሊሽ» ነው፤ ታጋሎግና እንግሊዝኛ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ እየተቀላቀሉ። የወላጆቹ ኑሮ ከእንግሊዝኛ ጋር የተሳሰረ ነበር። አንዳንዱ አባት መርከበኛ ነው። አንዳንዷ እናት ሌሊት ሌሊት የአሜሪካ ደንበኞችን ስልክ ታነሳለች። በአገሪቱ በዚህ የስልክና የቢሮ አገልግሎት ዘርፍ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይሠራል።

ሁለት ልጆችን ለይቼ ላስተዋውቅ፤ ጉዳዩ በእነሱ ዙሪያ ይዞራልና። አንዱ ከሌይቴ ደሴት የመጣ ልጅ ነው። በኖቬምበር 2013 «ዮላንዳ» የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ አካባቢያቸውን ሲያወድመው ቤተሰቡ ወደ አክስቱ ቤት፣ ሎስ ባኞስ ወደምትገኝበት ወደ ላጉና ተሰደደ። አፉን የፈታው በአካባቢው ቋንቋ በዋራይ ነው፤ ታጋሎግን አቀላጥፎ መናገር የጀመረው አሥር ዓመት ሲሞላው ነው። ሌላዋ የከተማ ልጅ ናት። ወላጆቿ ለወደፊቷ አስበው ከሕፃንነቷ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ብቻ አነጋገሯት፤ የቀረውን ከዩቱብ ካርቱን ተማረች። እንግሊዝኛዋ የፈረንጅ ልጅ ነው የሚመስለው።

ችግሩ

ከጥቁር ሰሌዳው በላይ «እዚህ እንግሊዝኛ ብቻ» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። በመምህርቷ ጠረጴዛ ላይ ክዳኑ የተበሳ የወተት ቆርቆሮ አለ። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ በታጋሎግ ለተናገሩት ለእያንዳንዱ ቃል አምስት ፔሶ ይከፈላል፤ ገንዘቡ ለዓመቱ መዝጊያ ግብዣ ይውላል። ደንቡን ያወጣው አስተዳደሩ ነው፤ መምህርቷ ስትቀጠር ያገኘችው ነው። እኔም አዲስ አበባ ውስጥ ባስተማርኩበት አንድ የግል ትምህርት ቤት በአማርኛ ያወራ ተማሪ ይቀጣ ስለነበር መጀመሪያ ላይ ቆርቆሮውን እንደ ችግር አላየሁትም።

ችግር ሆኖ ያየሁት ዝምታውን ነው። መምህርቷ ስትጠይቅ እጅ የሚያወጡት ሁልጊዜ እነዚያው አምስት ልጆች ናቸው፤ የቀሩት ዴስካቸው ላይ ያቀረቅራሉ። የዕረፍት ደወል ሲደወል ደግሞ ያው ክፍል የቅዳሜ ገበያ ይሆናል። አንድ ቀን ጠዋት አንድ ተጫዋች ልጅ ሃያ ፔሶ ቆርቆሮው ውስጥ ከቶ «ማም፣ ለዛሬ አራት ቃል ገዝቻለሁ» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ማታ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ልጁ የአገሩን ቃል በቅድሚያ እየከፈለ ነበር።

ከዝምታው ጀርባ መሳለቅ አለ። ሰዋስው የሳተ ተማሪ «የካራባው እንግሊዝኛ» ይባላል፤ ካራባው የእርሻ ጎሽ ነው። አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ቢያዋራቸው «አፍንጫዬ ደማ!» እያሉ ይቀልዳሉ። እንግሊዝኛውን አሳምሮ የሚናገረውም አይተርፍም፤ «ኮንዮ» ይሉታል፣ የሀብታም ልጅ መስሎ መታየት የሚወድ እንደማለት። ያቺ በካርቱን ያደገችው ልጅ ከአምስቱ አንዷ ነበረች፤ ከጊዜ በኋላ እሷም አውቃ ቃላት ማበላሸት ጀመረች፤ እንዳይስቁባት።

በፊሊፒኖ ክፍለ ጊዜ ነገሩ ተገልብጦ ይመጣል። የመጽሐፉ ፊሊፒኖ ልጆቹ የሚያወሩት ፊሊፒኖ አይደለም። ከባድ ቃል ሲመጣ «ማላሊም!» ይላሉ፤ ጥልቅ ነው፣ አይደረስበትም ማለት ነው። ሒሳብን «ሲፕናያን» የሚል ቃል ተፈጥሮለታል፤ ከክፍሉ አንድም ልጅ ሲናገረው አልሰማሁም። በ9ኛ ክፍል ደግሞ የአገሪቱ ብሔራዊ ጀግና የሆነው የደራሲው የሆሴ ሪዛል የመጀመሪያ ልቦለድ ይነበባል፤ የሪዛል ሥራዎች በትምህርት ቤት እንዲማሩ በ1956 በሕግ ተደንግጓል። ሪዛል የጻፈው በስፓንኛ ነው፤ ልጆቹ የሚሰጣቸው የፊሊፒኖ ትርጉም ነው፤ እነሱ የሚያነቡት ግን ከኢንተርኔት ያወረዱትን የእንግሊዝኛ ማጠቃለያ ነው። የፊሊፒኖ መምህርቷ ጡረታ የተቃረቡ ሴት ናቸው። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ይቆራረጥ ነበር።

ነገሩን የለወጠው ኦገስት ላይ የሆነ አንድ ትንሽ ነገር ነው። ኦገስት በመላ አገሪቱ የብሔራዊ ቋንቋ ወር ነው፤ ኬሶንም የተወለዱት በዚሁ ወር ነው። ግድግዳው በፊሊፒኖ ግጥም ተሸፍኗል፤ ቆርቆሮው ግን ከቦታው አልተነሳም። የሌይቴው ልጅ ለመውጣት ፈልጎ ብድግ አለና «ማም፣ ሜይ አይ ጎ አውት፣ ፖ?» አለ። ገንዘብ ያዧ ተማሪ ቆርቆሮውን አንኳኳች። «ፖ» ታጋሎግ ነው። ልጁ አምስት ፔሶ ከተተና «ሶሪ ማም፣ ፖ» አለ። ቆርቆሮው እንደገና ተንኳኳ። ልጁ ሁለተኛውን ሳንቲም ከኪሱ ሲያወጣ እጁን አይቼዋለሁ፤ ላብ አልቦት ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለመውጣት ሲፈልግ በእጁ በሩን ያሳያል እንጂ አፉን አይከፍትም።

«ፖ» ታላቅን ሲያናግሩ በንግግሩ መካከል የምትገባ የአክብሮት ቃል ናት። የእኛ «እርስዎ» የምትሠራውን ሥራ ትሠራለች፤ የእንግሊዝኛው «ዩ» ግን ለዚህ ቦታ የለውም። ያንን ልጅ «ፖ»ን ጣል ማለት አንድን የጎንደር ወይም የወሎ ልጅ «መምህርህን አንተ በል» እንደማለት ነው። ለእንግሊዝኛ መምህርቷ ይህን ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና እሷም በልጅነቷ «ፖ»ን ከዘለለች እናቷ ትቆነጥጣት እንደነበር ነገረችኝ። በዚያው ሳምንት ሁለቱን መምህራን አገናኘሁና ሥራው ተጀመረ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ ማዳመጥ ነበረብን። እያንዳንዱ ልጅ ለአንድ ሳምንት የቋንቋ ማስታወሻ እንዲይዝ አደረግን፤ ከማን ጋር፣ ስለምን፣ በየትኛው ቋንቋ። የመጨረሻው ዓምድ ሁለት ሳጥን ነበረው፣ እንግሊዝኛና ፊሊፒኖ። የተሰበሰበው ወረቀት ከጠበቅነው ውጭ ነበር። ለእናት በፊሊፒኖ፣ ለውሻው በእንግሊዝኛ። ጸብ በፊሊፒኖ፣ ይቅርታ በእንግሊዝኛ። አንዲት ልጅ «ማሃል ኪታ ስል ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ አይ ላቭ ዩ ግን እንደ ቻው ነው» ብላ ጽፋለች፤ «ማሃል ኪታ» በታጋሎግ እወድሃለሁ ማለት ነው። ይህን ሳነብ እኔና ባለቤቴ ስንጣላ «ሶሪ» ቶሎ ብላ ከአፋችን የምትወጣው፣ «ይቅርታ አድርግልኝ» ግን ቀን የምትፈልገው ለምን እንደሆነ ገባኝ። ልጆቹ እንግሊዝኛን የወደዱት በጣም የከበደን ነገር ስለሚያቀልላቸው ነበር። ይህ ክህደት አይደለም፤ ችሎታ ነው።

ሁለተኛው በድምፅ የተሠራ ሙከራ ነው። ዘዴው የእኛ አይደለም፤ ዋላስ ላምበርትና ባልደረቦቹ በ1960 ባሳተሙት የሞንትሪያል ጥናት ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ላይ የተጠቀሙበት ነው። አንድ ሰው ያንኑ ጽሑፍ በሁለት ቋንቋ ያነባል፤ ሰሚዎቹ ሁለት ሰው ይመስላቸዋል። ስለ ቋንቋው በቀጥታ ቢጠየቁ ሁሉንም በጎ ነው ይላሉ፤ ስለ ተናጋሪው ሲጠየቁ ግን እውነቱ ይወጣል። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ ውኃ መቋረጥ የሚናገር ማስታወቂያ በእንግሊዝኛም በፊሊፒኖም አነበበችልን፤ እንዳይነቃ በመካከል የሌላ ሰው ድምፅ አስገባን። ከዚያ ልጆቹን ጠየቅን፦ ይህች ሴት ሥራዋ ምንድን ነው? ምሥጢር ትነግሯታላችሁ? ቢቸግራችሁ ቤቷ ትሄዳላችሁ?

በእንግሊዝኛ ስታነብ ለአብዛኞቹ አለቃ፣ ሀብታም፣ ብልህ ሆነች፤ ምሥጢር የሚነግራት ግን ጥቂት ነው። በፊሊፒኖ ስታነብ ደግና የምትቀረብ ሆነች፤ አለቃ ያላት ግን አልነበረም። ሁለቱም አንዲት ሴት መሆኗን ስንነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተናገረ። ማንም ቆርቆሮውን አላሰበውም። ያ ተጫዋች ልጅ «ታዲያ የእኔን ድምፅስ ሰዎች እንዲህ ነው የሚሰሙት?» አለ። ከዚያ ዓመት የክፍል ውይይት ሁሉ ይበልጥ የማስታውሰው ያንን ግማሽ ሰዓት ነው።

ሦስተኛው ቆርቆሮው ነው። ርእሰ መምህሩ ቆርቆሮው ለአንድ ሩብ ዓመት እንዲነሳ ፈቀዱ፤ ግን ወላጆች መስማት አለባቸው አሉ። በስብሰባው ላይ አንዲት እናት ከሌሊት ሥራ በቀጥታ መጥታ ዓይኗ ቀልቶ ቆመች። «በወር የምንበላው ሩዝ የሚመጣው ከእንግሊዝኛዬ ነው። ደንበኛው አነጋገሬን ካልወደደው ስልኩን ይዘጋብኛል። ልጄን በፍቅር አትግደሉብኝ» አለች። መልስ አልነበረኝም፤ ትክክል ናትና። ላምበርት ከሮበርት ጋርድነር ጋር በ1972 ባሳተሙት ሥራም በፊሊፒንስ ተማሪዎች ዘንድ ለኑሮ ጥቅም ሲሉ እንግሊዝኛን መማር ብርቱ ግፊት መሆኑን አግኝተዋል። ለእናቲቱ መልስ የሰጠቻት የእንግሊዝኛ መምህርቷ ናት። የተሳትፎ መዝገቧን ከፍታ ባለፉት ሳምንታት የልጇ ስም ስንት ጊዜ እንደተጻፈ አሳየቻት። አንድም ጊዜ አልተጻፈም። እናትየዋ ተቀመጠች።

አዲሱን ደንብ ልጆቹ ራሳቸው አወጡት። በቡድን ሲወያዩ በፈለጉት ቋንቋ፤ ለክፍሉ ሲያቀርቡ በእንግሊዝኛ፤ ቃል የጠፋው በታጋሎግ ይናገርና ክፍሉ ይርዳው፤ ሰው ሲናገር የሳቀ ቀጣዩ አቅራቢ ይሆናል። «ፖ» በየትኛውም ዐረፍተ ነገር ነጻ ናት። ይህቺን የመጨረሻዋን አንቀጽ በትልቅ ፊደል የጻፈችው ገንዘብ ያዧ ናት።

አራተኛው በፊሊፒኖ ክፍለ ጊዜ የሆነው ነው። በኖቬምበር ከጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ዜና ወጣ። የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን በ2013 ባወጣው መመሪያ ፊሊፒኖን ከዩኒቨርሲቲ የግዴታ ትምህርቶች አውጥቶት ነበር፤ ፍርድ ቤቱ መመሪያውን አጸናው። በማግሥቱ አንድ ተማሪ ያለ ክፋት «ማም፣ ዩኒቨርሲቲ ካልጠየቀን እኛ ለምን እንጨነቅበታለን?» ሲል የፊሊፒኖ መምህርቷን ጠየቃቸው። እሳቸው ስለ አገር ፍቅር ንግግር ያደርጋሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። መጽሐፉን ዘጉና የቤት ሥራ ሰጡ። እያንዳንዱ ልጅ ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነን ዘመድ ስለ አንድ የእጅ ሥራ ይጠይቅ፣ የሰማውንም ሰውየው እንደተናገረው ይጻፍ። ታግሊሽም ቢሆን ነጥብ አይቀነስም።

በካርቱን ያደገችው ልጅ ባላገር ለሚኖሩት አያቷ ደወለች። ከዚያ በፊት በስልክ የሚያወሩት «በላሽ? አዎ» ብቻ ነበር። ስለ ሱማን ጠየቀቻቸው፤ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚበስል የሩዝ ምግብ ነው። ቅጠሉ እንዳይሰነጠቅ እሳት ላይ ለአፍታ ማለፍ አለበት፤ አያቷ ለዚህ ድርጊት አንድ ቃል ብቻ ነበራቸው፤ ልጅቷ ቃሉን ሦስት ጊዜ አስደግማ፣ በመጨረሻ በእንግሊዝኛ ፊደል አሰጣጥ ጽፋው መጣች። መምህርቷ አጻጻፉን አላረሙም። ጮክ ብላ እንድታነበው አደረጓት። ማንም አልሳቀም።

የሠራውና ያልሠራው

የእንግሊዝኛ መምህርቷ መዝገብ እንደሚያሳየው በጁን አምስት የነበሩት ተናጋሪዎች በፌብሩዋሪ ከክፍሉ ግማሽ በልጠዋል። ስህተቱም አብሮ በዝቷል፤ ብዙ የሚናገር ብዙ ይሳሳታልና። የሌሊት ሠራተኛዋ እናት ልጅ ማርች ላይ ስለ ላጉና ሐይቅ ዓሣ አስጋሪዎች አራት ደቂቃ ሙሉ በእንግሊዝኛ አቀረበ፤ አራት ጊዜ ያህል ቃል ጠፍቶበት ከጓደኞቹ ተቀበለ።

በፊሊፒኖ በኩል ውጤቱ ደከም ያለ ነው። ልጅቷ ከአያቷ ጋር በየእሑዱ መደዋወል ጀምራለች፤ የፈተና ነጥቧ ግን ብዙም ፈቀቅ አላለም። ፈተናው አሁንም የሚጠይቀው የመጽሐፉን ፊሊፒኖ ነው። የሪዛልን ልቦለድ አብዛኞቹ እስከ መጨረሻው ከማጠቃለያ ነው ያነበቡት።

ከሁሉ የሚቆጨኝ የድምፁ ሙከራ ነው። በመካከል ያስገባነው የሌላ ሰው ድምፅ ሌይቴ ከምትገኝባቸው ከቪሳያስ ደሴቶች የመጣ ሰው ነበር፤ ወዳጃችን ስለሆነና ቶሎ ስለተገኘ ብቻ መረጥነው። በእነዚያ አካባቢዎች አነጋገር «ኤ» እና «ኢ»፣ «ኦ» እና «ኡ» ይቀያየራሉ፤ በቴሌቪዥን ቀልዶች ላይ ይህን አነጋገር ለቤት ሠራተኛ ገጸ ባሕርይ መስጠት የተለመደ ነው። ድምፁ እንደተሰማ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ስለ ሥራው ሲጠየቁ ብዙዎቹ አሽከር ብለው ጻፉ። የሌይቴው ልጅ አብሮ ሳቀ። በወረቀቱ ላይ ግን ሁሉንም ጥያቄ ባዶ ትቶት ነበር። እኛ ለእንግሊዝኛና ለፊሊፒኖ ስንጨነቅ የእሱን አነጋገር ለሳቅ አቀረብነው። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ «ኦኬይ ላንግ ፖ» አለኝ፣ ምንም አይደለም እንደማለት። ከዚያ በኋላም በእንግሊዝኛ ክፍል አልፎ አልፎ ብቻ ነው የተናገረው። የደንቡ ለውጥ ለብዙዎቹ ሲጠቅም ለእሱ አልደረሰለትም።

ቆርቆሮው እንደተነሳ ቀረ፤ ከሰሌዳው በላይ ያለው ጽሑፍ ግን አልወረደም። እኔ ስለቅቅም እዚያው ነበር።

ለሌላ ቦታ የሚያገለግሉ ትምህርቶች

ልጅን «የትኛውን ቋንቋ ትወዳለህ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም። ልጁ ትልቁን ሰው ደስ የሚያሰኘውን መልስ ይሰጣል። ለማን፣ ስለምን፣ መቼ እንደሚናገር ማየት ይሻላል። በስደት ያለች እናት ልጇ በእንግሊዝኛ ሲመልስላት ቋንቋውን ጠላ ከማለቷ በፊት ምን ሲባል እንደቀየረ ልብ ትበል። ስለ ምግብ ሲሆን በአማርኛ፣ ስለ ትምህርት ቤት ሲሆን በእንግሊዝኛ ከመለሰ የጎደለው ፍቅር አይደለም፤ ስለ ትምህርት ቤት የሚያወራበት አማርኛ ማንም አልሰጠውም።

መሳለቅ ከቅጣት ይበልጥ አፍ ይዘጋል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ ይጠናከራሉ። የእኛም ጓዳ ከዚህ ነጻ አይደለም። ከዋሽንግተን ለክረምት የመጣውን የእህታችንን ልጅ «እስቲ አማርኛ ተናገር» ብለን ከበን የምንስቅበት ሳቅ የፍቅር ነው፤ ልጁ ግን ሳቁን እንጂ ፍቅሩን አይሰማም። እኔ ራሴ ይህን ያደረግሁባቸው የወንድሜ ልጆች አሉ።

ደንብ ለልጅ መልእክት ነው። ዩኒቨርሲቲው ተወው ሲባል ያ ተማሪ የጠየቀው ጥያቄ ምክንያታዊ ነበር። ወላጅም ከመንግሥት አይለይም፤ ቤት ውስጥ ከባዱን ወሬ ሁሉ በአማርኛ ልጁ እንዳይሰማ እያደረገ፣ ለልጁ ግን «ብላ፣ ተኛ፣ ተነሣ» ብቻ ከቀረለት ልጁ አማርኛን የትእዛዝ ቋንቋ አድርጎ ቢወስደው አይፈረድበትም።

የእንጀራውን ጥያቄ ማቃለል አያስፈልግም። ያቺን እናት በስሜት ለመርታት ብንሞክር ኖሮ ስብሰባው እዚያው ይፈርስ ነበር። ያሳመናት መዝገቡ ነው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚለው ደንብ ራሱን እንግሊዝኛን እንዳላመጣ በቁጥር አየች። ፒዛ (PISA) የተባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ምዘና የ2018 ውጤት በዲሴምበር 2019 ሲወጣ ፊሊፒንስ በንባብ ከ79 ተሳታፊዎች የመጨረሻ ሆነች፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነበር። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ በአንድ ደንብ አይላከክም። እኔ ግን ዜናውን ስሰማ ወዲያው የታየኝ ዴስኩ ላይ ያቀረቀረ ክፍል ነው።

የመጨረሻው ስለ ሦስተኛው ቋንቋ ነው። አገር ቤት ከገባሁ በኋላ የልጆቹን የቋንቋ ማስታወሻ ቅጂ እንደገና ሳገላብጥ የሌይቴውን ልጅ ወረቀት አገኘሁ። በየምሽቱ ለአያቱ ይደውላል፤ አያቱ የሚያውቁት ዋራይ ብቻ ነው። እኛ የሰጠነው ሁለት ሳጥን ስለነበር ልጁ «ፊሊፒኖ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ፣ ከጎኑ በእርሳስ አንዲት ትንሽ የጥያቄ ምልክት አኑሯል። ሳምንቱን ሙሉ ሰባት የጥያቄ ምልክት። በዚያ ዓመት አንዳችንም አላየነውም። በፊሊፒንስ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 3ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማር በ2013 በሕግ ተደንግጎ ነበር፤ በኦክቶበር 2024 ሕግ ቁጥር 12027 ያንን ግዴታ አንሥቶ ማስተማሪያነቱን ወደ ፊሊፒኖና ወደ እንግሊዝኛ መልሶታል። አሁን ከእኔ ተማሪዎች ጋር ይህንኑ ማስታወሻ ስንሠራ ሳጥን አልሰጥም። ባዶ መስመር አስቀምጬ «አያትህ ሲቆጡ የሚናገሩበትን ቋንቋ ስሙን ጻፍ» እላለሁ። ባለፈው መስከረም ከአንድ የአዲስ አበባ ክፍል ስድስት ቋንቋ ተመለሰልኝ። ከዚያ በፊት ሁሉም አማርኛና እንግሊዝኛ ብቻ ይችላሉ ብዬ አስብ ነበር።